ኢሜይሉ የት ገባ?

ደብረ ማርቆስ ላለችው የአክስቴ ልጅ ጤፍና በርበሬ የምትሸጥበት ትንሽ ዌብሳይት ሰርቼላት ነበር፣ ሰው ፎርም መሙላት ስለማይወድ "በፌስቡክ ግባ" የምትል በተን ብቻ አድርጌ ተገላገልኩ ብዬ ቁጭ አልኩ። በሳምንቱ ደወለች፣ "ወንድምዓለም፣ የቡሬው ሰውዬ ሲገባ የፍኖተ ሰላሙን ትእዛዝ እያየ ነው" አለችኝ። ክው አልኩ።

ሰው ሲገባ ፌስቡክ ኢሜይሉን ይልክልኛል ብዬ ነበር፣ ዳታቤዙን (የደንበኞቹ መረጃ የሚቀመጥበትን) ስከፍት ግን የኢሜይሉ ኮለም ብዙ ቦታ ባዶ ነው። ለካ ፌስቡክን በስልክ ቁጥር ብቻ የከፈተ ሰው ኢሜይል የለውም፣ ከየት አምጥቶ ይላክልኝ? ያለውም ቢሆን ፈቃድ ሲጠየቅ ኢሜይሉን ብቻ ነጥሎ መከልከል ይችላል። ("በአፕል ግባ" የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ሰው ከፈለገ እውነተኛውን ኢሜይል ደብቆ የማስተላለፊያ አድራሻ ይሰጥሃል፣ ስሙንም የሚልከው መጀመሪያ የገባ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያኔ ካልያዝከው አለቀ።)

የኔ ጅልነት ሰውን በኢሜይል መለየቴ ነው፣ ባዶና ባዶ እኩል ሆኑና ሁለቱ ሰውዬ አንድ አካውንት ገቡልህ! አሁን መለያው ፌስቡክ ለዌብሳይቱ የሚሰጠው አይዲ ነው፣ ኢሜይል ካልመጣ ከገቡ በኋላ ስልክ ይጠየቃሉ። የቡሬው ሰውዬ ግን አሁንም በስልክ ነው የሚያዘው።