ክረምቱን ቆሞ የከረመ የጀልባ ሞተር አልነሳ ሲል

ሞተሩ ያማሃ 15 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ቱ ስትሮክ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ አንድ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቅ ክፍል) ያለው፣ በገመድ ተስቦ የሚነሳ አሮጌ ሞተር። ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳር፣ ቆርቆሮ ሥር ተሰቅሎ ከረመ። ሲሰቀል ከካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን አልወጣለትም፤ ታንኩም ግማሽ ድረስ የቤንዚንና የዘይት ድብልቅ እንደያዘ ቀረ። ክረምቱ ሲያበቃ ገመዱ ቢሳብ ቢሳብ አልነሳም።

መጀመሪያ ገመዱን መሳብ አቆምኩ። ወራት የቆመ ሲሊንደር ግድግዳው ላይ የነበረው ዘይት ወርዶ ደርቋል። በደረቁ ደጋግሞ መሳብ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) እና ፒስተኑን ይጭራል። ሁለቱን ካንዴላዎች (ብልጭታ ሰጪዎቹን) በ21 ቁልፍ ፈታሁና በየቀዳዳው 5 ሚሊ ሊትር ያህል የቱ ስትሮክ ዘይት ጠብ አድርጌ ሞተሩ አናት ላይ ያለውን መዘውር (ፍላይዊል) በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ሳይነክስ ዞረ። ቢነክስ ኖሮ ዘይቱን አስገብቼ አሳድረው ነበር እንጂ በጉልበት አልታገለውም።

ቀጥሎ ገንዘብ የማያስወጡትን አየሁ። ከሞተሩ ማጥፊያ ጋር የሚያያዘው የደኅንነት ገመድ መቆንጠጫው ቦታው ካልገባ ብልጭታ የለም። ማርሹ ፍሪ ላይ ካልሆነ የማስነሻ ገመዱ ይቆለፋል። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ብሎን ካልተከፈተች ቤንዚን አይመጣም። እነዚህ ሦስቱ ደህና ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ብልጭታ፣ ግፊት (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር)፣ ቤንዚን። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይጠቅማል፤ ካርቡሬተር መፍታት ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ብልጭታና ግፊት ግን በሃያ ደቂቃ ይታወቃሉ።

ለብልጭታ ካንዴላውን የገመዱ ጫፍ ላይ ባለው ካፕ ሰክቼ፣ የብረት አካሉን ከሞተሩ ባዶ ብረት ጋር አስነካሁና ጥላ ቦታ ላይ ገመዱን ሳብኩ። ከሲሊንደሩ ቀዳዳ ራቅ አድርጎ መያዝ ግድ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት በብልጭታው ይያዛል። አንደኛው ካንዴላ ሰማያዊ፣ ቀጭን፣ ጠንካራ ብልጭታ ሰጠ። ሁለተኛው ብጫ ነበረ፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። ካፑን ከገመዱ ሳወጣ የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፤ የክረምት እርጥበት ሥራ ነው። ጫፉን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጬ ንጹሕ መዳብ ሳገኝ መልሼ አጠበቅኩት፤ ብልጭታው ተስተካከለ። ካንዴላዎቹንም በአዲስ ቢ7ኤችኤስ-10 ቀየርኩ። የመጨረሻዋ 10 ክፍተቱ 1.0 ሚሊ ሜትር መሆኑን ትናገራለች፤ በፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ለክቶ ማረጋገጥ አይከፋም። ኮይልና ሲዲአይ (ብልጭታውን የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ክፍሎች) መግዛት የሚታሰበው ይህ ሁሉ ተሠርቶ ብልጭታ ከጠፋ ብቻ ነው።

ግፊቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ደህና ሞተር እዚህ ላይ ነው «አልቆለታል» የሚባለው። ሁለቱም ካንዴላ ተፈትቶ፣ ጋዙ ሙሉ ተከፍቶ፣ የካንዴላ ገመዶቹ ከብረት ጋር ተገናኝተው፣ የግፊት መለኪያው በካንዴላው ቀዳዳ ተሰክቶ፣ አምስት ጊዜ ሳብ። ቀድሞ የገባው ዘይት ቁጥሩን ከእውነቱ ከፍ ስለሚያደርገው መጀመሪያ መለኪያውን ሳልሰካ ጥቂት ስቤ አስተፋሁት። ንባቡ 95 እና 92 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሐድ) ሆነ። 120 ለለመደ ሰው ይህ ያስደነግጣል። ነገር ግን ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ የመለኪያው ንባብም በዚያው ልክ ይወርዳል። በባሕር ወለል 120 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 96 ቢያሳይ አልታመመም። የሚያሳስበው በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 በመቶ ካለፈ ፋሻ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሲሊንደሩ ክዳን ማሸጊያ) ይጠረጠራል። የእኔ ልዩነት 3 በመቶ ያህል ነበር፤ ስለዚህ ሞተሩን መግለጥ አላስፈለገም።

ቀረ ቤንዚን። ቾክ (አየሩን አጥብቦ ቤንዚን የሚያበዛውን) ስቤ አሥር ጊዜ ከሳብኩ በኋላ ካንዴላውን ሳወጣው ደረቅ ነው፣ ሽታም የለውም። ነገሩን ለመቁረጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ትኩስ ድብልቅ በካርቡሬተሩ አፍ በኩል አፍስሼ ሳብኩ። ሞተሩ ተነሥቶ ሦስት ሴኮንድ ሮጠና ጠፋ። ይህች ሦስት ሴኮንድ ብዙ ትናገራለች፦ ብልጭታው፣ ግፊቱ፣ የብልጭታው ሰዓት ሁሉ ደህና ናቸው፤ ጉድለቱ ከታንኩ እስከ ካርቡሬተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ከታንኩ ጀመርኩ። ከሥር ያለውን ቤንዚን ወደ ብርጭቆ ማሰሮ ቀድቼ አሳደርኩት። ጠዋት ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ተለይቶ ተኝቷል። ግማሽ ባዶ ታንክ የአየር ብሎኑ ተከፍቶ ከከረመ ቀንና ሌሊት ሲሞቅና ሲበርድ እርጥብ አየር እየሳበ ውሃውን በግድግዳው ላይ ያስቀምጣል። ያ ቤንዚን እንዳለ ተደፋ፤ በአዲስ ቤንዚን ላይ ጨምሮ ማዳን አይቻልም። አዲሱን በ50 ለ1 ደባለቅኩ፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። ዘይቱ ቲሲ-ደብሊው3 የሚል የጀልባ ዘይት መሆን አለበት። የሞተር ሳይክሉ ዘይት ለሞቃት ሞተር የተሠራና አመድ የሚተው ስለሆነ በውሃ በሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር ፒስተንና ካንዴላ ላይ ይከማቻል።

ከዚያ ቱቦው ላይ ያለው፣ ቤንዚን በእጅ የሚገፋው የጎማ ፓምፕ። መውጫው ወደ ላይ ሆኖ ሲጨመቅ ስድስት ሰባት ጊዜ ላይ መጠንከር አለበት። የእኔው ሃያ ጊዜ ጨምቄውም ልስልስ እንዳለ ቀረ። ሞተሩ ላይ የሚሰካው ማያያዣ ውስጥ ያለችው ክብ ጎማ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፤ ቤንዚን አይንጠባጠብም፣ አየር ግን ትስባለች። በተመሳሳይ ልክ ከቀየርኳት በኋላ ፓምፑ ጠነከረ። ሞተሩ በቾክ ተነሣ፤ ቾኩ ሲመለስ ግን ጠፋ። በአንድ ሞተር ላይ ሁለት ችግር ተደርቦ ሲመጣ እንዲህ ያታልላል።

በቾክ ብቻ የሚሠራ ሞተር የዝግታ ጄቱ (በዝግታ ሲሮጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው) ተደፍኗል። ካርቡሬተሩን አውርጄ የሥሩን ጎድጓዳ ሳህን ስከፍት ወለሉ ላይ ማር የመሰለ ሙጫ፣ ጥግ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ዱቄት አለ፤ ሽታው የከረመ ቀለም ነው። ቤንዚኑ ተንኖ ዘይቱና ሙጫው የቀሩት እዚያ ነው። የዝግታ ጄቷ የነሐስ ብሎን ናት፤ መሐሏ ያለው ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ነው። ወደ ብርሃን አንሥቼ ስመለከት ምንም አላሳልፍ አለች። መርፌ ወይም የብረት ሽቦ አይነካትም፤ ቀዳዳውን ካሰፋው ሞተሩ ዳግም አይስተካከልም። ካርቡሬተር ማጽጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ከትቼ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ክር ቀጭን መዳብ መዝዤ አሳለፍኩባት፤ መዳብ ከነሐስ ይለሰልሳል። ከዚያ በአየር ነፋሁ፤ ብርሃኑ እንደ ነጥብ ታየ።

ጄቷን አጽድቶ መመለስ ግን ሥራውን አይጨርሰውም። የአየር ማስተካከያ ብሎኑን ከመፍታቴ በፊት እስኪነካ ድረስ በቀስታ አጥብቄ ስንት ዙር እንደሆነ ቆጥሬ ጻፍኩ፤ ሲመለስ በዚያው ዙር ይከፈታል። በብሎኑ ቀዳዳ ማጽጃ ስረጭ ጋዝ መክፈቻው ሳህን አጠገብ ካሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች መውጣት አለበት። በመጀመሪያ ከአንዱ ብቻ ወጣ። ሦስት ጊዜ አርሼ ነፍቼ ነው ሁሉም የተከፈቱት። መነጽር አድርጉ፤ ፈሳሹ ወደ ዓይን ተመልሶ ይፈናጠራል። የሳህኑን ቤንዚን ልክ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊም ጆሮዬ ጋ አድርጌ ነቀነቅኩት፤ ውስጡ ቤንዚን ቢንቃጨል ይጣል ነበር። ከእሱ ጋር የሚሠራው የቤንዚን መዝጊያ መርፌ ጫፉ ላይ የክብ ጭረት ካበጀ ደግሞ ቤንዚኑን አይዘጋም፣ ሞተሩን ያጥለቀልቃል። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ሆኖ ተገጠመ፤ ሞተሩ ገመዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሳብ ተነሥቶ በዝግታ ሳይጠፋ ሮጠ።

ሲነሳ ደስ ብሎ መርሳት የማይገባው የማቀዝቀዣው ውሃ ነው። ያለ ውሃ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ማስሮጥ የውሃ ፓምፑን ጎማ ይበላል፤ ስለዚህ እስካሁን ሞተሩን ያስነሣሁት ሁሉ እግሩ (ታችኛው ክፍሉ) በርሜል ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው። ከኋላ የሚረጨው ውሃ ጠንካራ መሆን ሲገባው ይንጠባጠብ ነበር። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ በክረምት ጭቃ ይዘው ጣና ይገባሉ፤ እምቦጩም ሥሩን በውሃ መግቢያው ወንፊት ላይ ይጠመጥማል። ወንፊቱን ጠርጌ የእግሩን ታችኛ ክፍል ሳወርድ የውሃ ፓምፑ ጎማ ክንፎች ወደ አንድ ጎን ተጣምመው ደርቀዋል። ወራት በአንድ አቅጣጫ ተጨምቆ የከረመ ጎማ አይመለስም፤ ተቀየረ። የማርሽ ዘይቱንም አወጣሁ፤ ወተት መስሎ ቢሆን ውሃ ገብቷል ማለት ነበር፣ ደህና ነበረ። 250 ሚሊ ሊትር ኤስኤኢ 90 ከታችኛው ብሎን ወደ ላይ ተሞላ። በረዶ በሚጥልበት አገር ጀልባ ያላችሁ ይህን ከበጋው መጨረሻ አታሳልፉት፤ እዚያ የገባ ውሃ በረዶ ሲሆን የማርሹን ቤት ይሰነጥቃል።

በሚቀጥለው ሰኔ ሲሰቀል፣ እግሩ ውሃ ውስጥ እንዳለ የቤንዚን ቱቦው ይነቀልና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይሮጣል። ከዚያ የካርቡሬተሩ ሳህን ማፍሰሻ ብሎን ይከፈታል፤ ሞተሩ ሲጠፋ እንኳ ሳህኑ ሥር ጥቂት ቤንዚን ይቀራል፣ ጄቷን የሚደፍነውም እሱ ነው። በየሲሊንደሩ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ታንኩ ባዶ ሆኖ ደርቆ የአየር ብሎኑ ይዘጋል። ሞተሩ ውሃው እንዲወርድ ቀጥ ብሎ ይሰቀላል።

የክብ ጎማዋ፣ የካርቡሬተሩ ጓርኒሲዮንና የውሃ ፓምፑ ጎማ መለዋወጫ ከሞተሩ ጋር በአንድ ፌስታል ታስረዋል፤ የአየር ማስተካከያ ብሎኑ ዙርም በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር ተጽፏል።