«ፀረ ባክቴሪያ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

የጦስኝ ዘይት ያለበት የእጅ ሳሙና ሠርቶ መሸጥ ይቻላል። እኔ እየሸጥኩ ነው። ማምረቱ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ብዙ ብርና ብዙ ንዴት በተረፈልኝ።

ማምረቱን ባጭሩ። ዘይቱ የሚወጣው በእንፋሎት ነው፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ጦስኝ የሚገኘው 10 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ለትንሽ አምራች ዘይቱን ገዝቶ መሥራት ያዋጣል። ሳሙናው ራሱ ቴክሳፖን (አረፋ የሚሠራው ኬሚካል)፣ ውሃና ጨው ነው። ዘይቱን መጨረሻ ላይ ጨምሩት፣ ድብልቁ ከቀዘቀዘ በኋላ። ትኩሱ ላይ ከጨመራችሁት ሽታው ቤቱን ይሞላል እንጂ ሳሙናው ውስጥ አይቀርም። ደግሞ በጓንት ያዙት፤ ያልተበረዘ የጦስኝ ዘይት ቆዳ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ጉዱ።

መለያዬ ላይ «ፀረ ባክቴሪያ» የሚል ቃል ነበረ። ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ ከሰጡን ሥልጠና ነው። አሠልጣኙ «ገበያ የሚስበው እሱ ነው» ብሎናል። የሥልጠናው ወረቀት ላይም በደማቁ ተጽፏል። መለያውን በጥቅል አሳተምኩና ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ።

የመጀመሪያው መስኮት ላይ ያለው ልጅ ጠርሙሱን ገና ከሩቅ ሲያየው «ይሄ ሳሙና ነው፣ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ወደተመራሁበት ስሄድ ደግሞ «ባክቴሪያ ይገድላል ካሉ መድኃኒት ነው፤ የመጡበት ይመለሱ።» ተመለስኩ። ልጁ ምሳ ወጥቷል።

በመጨረሻ አንዲት ትልቅ ሴት ባለሙያ ጋ ደረስኩ። ክዳኑን ከፈት አድርገው አሸተቱት።

«ጦስኝ ናት አይደል? እናቴ ለጉንፋን ታፈላልን ነበር።»

አለቀልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ክዳኑን መልሰው ገጠሙና «ወንድሜ፣ ይቺ ቃል ማስረጃ ትፈልጋለች። የላብራቶሪ ውጤት ይዘው ይምጡ» አሉኝ።

«የት ላስመርምር?»

«እሱን እንግዲህ እርስዎ ይፈልጉ።»

ፈለግኩ። አንዱ ላብራቶሪ ፒኤች (የአሲድነት መጠን) ብቻ ነው የምንለካው አለ። ሌላው ዘይቱን ተቀብሎ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ ሞከረው። ዘይቱ የነካው ወረቀት ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ወጣ፤ ባክቴሪያው እዚያ ድርሽ አላለም። ማኅተም ያለበት ውጤቴን ይዤ እየበረርኩ ሄድኩ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። «ይሄ የዘይቱ ነው። የሳሙናውስ?»

በጣም ነው የተናደድኩት። የሚያናድደው ደግሞ ልክ ናቸው። የጦስኝ ጉልበቱ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ናቸው፤ የባክቴሪያውን ሽፋን በስተው ያፈሱታል። ሳሙና ውስጥ ሲገቡ ግን አረፋ የሚሠራው ኬሚካል ዘይቱን ከቦ ይይዘዋል። በዚያ ላይ ሰው እጁን ታጥቦ በሰከንዶች ውስጥ ያለቀልቃል። አሜሪካ በቲሞል የሚሠሩ የወለልና የጠረጴዛ ማጽጃዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ መለያቸው ላይ ቦታው ለ10 ደቂቃ ርጥብ ሆኖ ይቆይ ይላሉ። 10 ደቂቃ ሳሙና ይዞ የሚቆም ማን አለ? እዚያው አሜሪካ በ2016 ትሪክሎሳን የሚባለውን ጨምሮ 19 ፀረ ባክቴሪያ ንጥረ ነገሮች ከቤት የእጅ ሳሙና እንዲወጡ ተወስኗል፤ አምራቾቹ ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚበልጡ ማሳየት አቅቷቸው ነው። እነዚያ ያቃታቸውን እኔ በጓሮዬ በርሜል ላሳይ?

ኮሪደር ላይ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ልጅ ሁኔታዬን አይቶ «ጋሼ፣ ቃሏን አውጧትና ይገላገሉ» አለኝ። አወጣኋት። ፋይሉ ተንቀሳቀሰ። ሴትዮዋ ይህን በመጀመሪያው ቀን ቢሉኝ ምን ነበረበት? ያሳተምኩት የመለያ ጥቅል አሁንም አልጋ ሥር ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው ምንም ይበል ምን፣ «የጦስኝ መዓዛ ያለው የእጅ ሳሙና» ብላችሁ ጻፉ። ሳሙና ጀርሙን ከእጅ ነቅሎ በውሃ ይሸኘዋል፤ ይበቃል። አሠልጣኙ «ዘይቱ ራሱ ሳሙናውን ሳይበላሽ ያቆየዋል» ሲልም አትስሙት። ፈሳሽ ሳሙና አብዛኛው ውሃ ነው፤ ፕሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ለዕፅዋት ዘይት እምብዛም አይበገርም። ማቆያ ጨምሩበት። ሽንት ቤት ለማጽዳት ከሆነ የእኔን አትግዙ፣ በረኪና ግዙ።

ዘይቱን ራሳችሁ ለማውጣት ከቆረጣችሁ ደግሞ ጦስኙን ስትገዙ እሽጉን ፈታችሁ እዩ። ከደጋው ከነሥሩ እየነቀሉ የሚያመጡ ነጋዴዎች አሉ። አፈር የያዘ ሥር ካያችሁ መልሱላቸው፤ በማጭድ የታጨደ ነው የሚፈለገው። ዘይቱ ያለው ቅጠሉና አበባው ላይ ነው፤ ለሥር ኪሎ መክፈል ኪሳራ ነው።