የጎና ድንጋይና የአንድሮሜዳ ብርሃን

ስለ ሕዋ ወሬ ሲነሳ "እኛማ ምን ነን፣ አቧራ!" የሚል አይጠፋም። ትናንት ቡና ላይ ጓደኛዬ ይህንኑ አለ። አልተዋጠልኝም። ያን ሁሉ ስፋት የለካው ማን ሆነና?

ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 እንኳ ሊቃውንቱ ከኛ ጋላክሲ፣ ማለትም ፀሐያችን ካለችበት የኮከቦች ስብስብ፣ ውጭ ሌላ አለ ወይስ የለም እያሉ ይከራከሩ ነበር። መልሱ ላይ ለመድረስ መለኪያውን ያገኘችው ሄንሪየታ ሊቪት ናት። ሃርቫርድ ውስጥ በመስታወት ላይ የተነሱ የሰማይ ፎቶዎችን እያየች ኮከብ የምትመዘግብ፣ ደሞዟ ትንሽ፣ ጆሮዋም በደንብ የማይሰማ ሴት ነበረች። አንዳንድ ኮከቦች እየደመቁ እየደበዘዙ ይመላለሳሉ። በ1912 ሊቪት ያሳየችው፣ ምልልሱ ረጅም ጊዜ የሚፈጅበት ኮከብ የራሱ ብርሃን ኃይለኛ መሆኑን ነው። የራሱን ብርሃን ካወቅን፣ ከዚህ ሲታይ ምን ያህል እንደደበዘዘ አይተን ርቀቱን ማስላት እንችላለን።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል በ1923 አንድሮሜዳ በምትባል የሰማይ ጭጋግ መሳይ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮከብ አገኘ። ሲሰላ ከኛ ጋላክሲ በጣም ርቆ ተገኘ። አንድሮሜዳ ራሷ ሌላ ጋላክሲ ናት ማለት ነው፤ ክርክሩም በዚህ አከተመ። ሊቪት ግን ይህን ሳታይ በ1921 ሞታለች። ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል።

አንድሮሜዳን በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል። ኅዳር ላይ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን ማንጋጠጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙም አታጓጓም፤ ጭጋግ ቢጤ ናት። ርቀቷ ግን 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ የምናየው ብርሃን መንገድ ከጀመረ ያን ያህል ዓመት ሆኖታል።

ይሄ ቁጥር ነው አፋርን ያስታወሰኝ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ያደረጉት፣ አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኘው የድንጋይ መሣሪያ ዕድሜው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በኋላ ኬንያ ውስጥ የሚበልጠው ተገኝቷል፤ ይሁን። ብርሃኑ ከአንድሮሜዳ በተነሳበት ዘመን፣ እዚህ እኛ አገር ገና እንደኛ ሰው ያልሆነ ፍጡር ድንጋይ በድንጋይ እየመታ ስለት ያወጣ ነበር ማለት ነው። ብርሃኑ መንገድ ላይ እያለ ድንጋይ ቀጥቃጩ ዘር ተለዋውጦ፣ የ2.5 ሜትር የቴሌስኮፕ መስታወት ሞርዶ ካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ ጠበቀው። ይሄን አቧራ ነው ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

ግን የጓደኛዬም ነገር ጨርሶ ውሸት አይደለም። አንድሮሜዳ ውስጥ ወደኛ የሚያይ ካለ፣ ዛሬ የሚደርሰው የዚያ ዘመን ብርሃን ነው። አዲስ አበባ የለችም፣ ሊቪት የለችም፣ የኛም ክርክር የለም። ድንጋይ የሚቀጠቅጡት ግን አሉ።