አልታየም

ጉበቴ ውስጥ 2.1 ሴንቲሜትር የሚሆን ካንሰር የተገኘው ምንም ሳያመኝ ነው። ዓይኔ ቢጫ አልሆነም፣ ሆዴ አልተነፋም፣ የምግብ ፍላጎቴም እንደ ወትሮው ነበር። መጠጥ ደግሞ ቀምሼ አላውቅም። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ እንዴት እንደተያዘ፣ ከዚያ በፊት ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ሳላደርግ እንደቀረሁ ልንገራችሁ።

በ49 ዓመቴ ለሌላ ጉዳይ የሆድ አልትራሳውንድ ታይቼ ነበር። ውጤቱ ላይ «ጉበት ላይ መጠነኛ ስብ አለ» ተብሎ ተጽፏል። ስኳር ከያዘኝ ያኔ አራት ዓመቴ ነው። ሐኪሙ «ብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው፣ ክብደት ይቀንሱ» አሉኝ። አልተሳሳቱም፤ በዓለም ላይ ከአራት አዋቂዎች ቢያንስ አንዱ የጉበት ስብ አለበት፣ አብዛኛውም ካንሰር ሳይነካው ይኖራል። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

መጠየቅ የነበረብኝ ስለ ስቡ ሳይሆን ስለ ጠባሳው ነበር። ስብ የተከማቸበት ጉበት አንዳንድ ሰው ላይ ይቆጣል። ቁጣው ዓመታት ሲቆይ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ከ0 እስከ 4 በደረጃ ይለካል፤ 4ኛው ሲሮሲስ ነው። የካንሰሩ አደጋ የሚያሻቅበው እዚያ ሲደረስ ነው፦ በስብ ምክንያት ሲሮሲስ ከያዛቸው 100 ሰዎች በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 የሚሆኑት የጉበት ካንሰር ይይዛቸዋል። የስኳር በሽታ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

በ57 ዓመቴ የስኳር ክትትሌን ወደ ሌላ ሐኪም አዛወርኩ። እሳቸው የደም ውጤቴን አዩና ስልካቸውን አውጥተው ማስላት ጀመሩ። ስሌቱ ፊብ-4 ይባላል፦ ዕድሜ በኤኤስቲ ይባዛል፤ የተገኘው በሺህ ለተቆጠረው ፕላትሌትና ለኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ብዜት ይካፈላል። ኤኤስቲና ኤኤልቲ ደም ውስጥ የሚለኩ የጉበት ኢንዛይሞች ናቸው፤ ፕላትሌት ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርግ የደም ሕዋስ ነው። የእኔ ኤኤስቲ 52፣ ኤኤልቲ 44፣ ፕላትሌት 148 ሺህ ነበር። 3.02 መጣ። ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው (ዕድሜ ከ65 ካለፈ ወሰኑ 2.0 ይሆናል)፤ ከ2.67 በላይ ከሆነ የጉበት ሐኪም ማየት አለበት፤ መሃል ላይ ያለው ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል።

የዚያን ቀን ማታ መሳቢያውን ከፍቼ በ49 ዓመቴ የተሠራልኝን የደም ውጤት በዚያው ስሌት አሰላሁት። 1.42። መረጃው እጄ ላይ ነበር፤ የሚያሰላው ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ይህን እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው ፋይብሮስካን 19 ኪሎፓስካል አሳየ፤ ሲሮሲስ ነው ተባልኩ። ኤኤልቲዬ ከጤነኛ ሰው ብዙም ሳይለይ ጉበቴ እዚህ መድረሱን ለማመን ተቸግሬ ነበር። እህቴ ስትሰማ «ወንድሜ፣ ደብቀህ ትጠጣ ነበር እንዴ?» አለችኝ። በጣም ከፋኝ። በ2023 ባለሙያዎች የበሽታውን ስም ሲለውጡ «አልኮል ያልሆነ» የሚለውን ያወጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አልኮል የሚለው ቃል በሽተኛውን ያስጠረጥረዋል። አዲሱ ስም የሚያነሳው የሜታቦሊዝም መዛባትን ነው፤ ማለትም እንደ ስኳር፣ ውፍረትና የደም ቅባት ያሉ ችግሮችን።

ከዚያ ክትትል ተጀመረ። በየ6 ወሩ የጉበት አልትራሳውንድ፣ አልፋ ፌቶፕሮቲን ከሚባል የደም ምርመራ ጋር፤ ይህ ቁጥር የጉበት ካንሰር ሲኖር ከፍ ሊል ይችላል። እኔ ያደረግሁት ቀላል ነገር ነው። የሁለት ዓመቱን ቀን በአንድ ጊዜ መዝግቤ ያዝኩ፤ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳልይዝ ከክፍሉ አልወጣም፤ «ደህና ነው» የሚለውን ብቻ ሰምቼ ከመሄድ ይልቅ የእያንዳንዱን ውጤት ኮፒ እቀበልና ራሴ አነባለሁ።

ያዳነኝ ይህ የመጨረሻው ነው። በሦስተኛው ዙር ወረቀቱን የሰጠኝ ሰው «ንጹህ ነው» አለኝ። አልፋ ፌቶፕሮቲን 6 ነበር፤ ጤነኛ ቁጥር ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። መሃሉ ላይ «ዕጢ አልታየም» ይላል። ግርጌው ላይ ደግሞ «በሰውነት ውፍረት ምክንያት የጉበቱ የቀኝ ላይኛ ክፍል በደንብ አልታየም» ይላል። ሁለት ጊዜ «አልታየም»። የመጀመሪያው ዋጋ የሚኖረው ሁለተኛው ባይኖር ነው።

ተመልሼ ገባሁና «ዶክተር፣ ዕጢ ያልታየው ስለሌለ ነው ወይስ ቦታው ስላልታየ?» ብዬ ጠየቅሁ። ወረቀቱን ተቀብለው ዝም ብለው አነበቡት፤ ከዚያ ኤምአርአይ አዘዙልኝ። ወፍራም ሰው ላይ፣ ስብ የበዛበት ጉበት ላይ አልትራሳውንድ ይቸገራል፤ እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን እንዲያ ነን።

ኤምአርአዩ አገኘው። ናሙና ሳይወሰድ ካንሰር ነው ሲሉኝ ተከራከርኩ። ያስረዱኝ እንዲህ ነው፦ ጤነኛው ጉበት ደሙን በብዛት የሚያገኘው ከአንጀት ከሚመጣው ደም ሥር ሲሆን ካንሰሩ ግን ከአርተሪ፣ ማለትም ከልብ ደም ከሚያመጣው ሥር፣ ይመገባል። ስለዚህ በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም እንደገባ ዕጢው ቀድሞ ያበራል፣ ቆይቶ ደግሞ ከአካባቢው በልጦ ይደበዝዛል። ሲሮሲስ ባለበት ሰው ላይ ይህ ሲታይ በቂ ማስረጃ ነው።

አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከ3 ሴንቲሜትር ስለሚያንስና ጉበቴ ሥራውን ገና ስላላቆመ ምርጫ ነበረኝ። ቀዶ ጥገናው የጉበቴ ደም ሥር ግፊት ከፍ በማለቱ አስፈራቸው። በማይክሮዌቭ ሙቀት ማቃጠሉን መረጥን። ተኝቼ ሳለ በቆዳዬ በኩል መርፌ ገባ፤ በማግስቱ ቤቴ ነበርኩ። ጥቂት ቀን አተኮሰኝ፣ ቀኝ ትከሻዬንም ያመኝ ነበር፤ አስቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም።

ከ94 ኪሎ ወደ 84 ወርጃለሁ። «ጉበት ይጎዳል» ብዬ በራሴ ያቆምኩትን የኮሌስትሮል መድኃኒት ሐኪሞቹ መልሰው አስጀምረውኛል፤ ማቆሜ ስህተት ነበር። የሄፐታይተስ ቢ ክትባትም ወስጃለሁ።

አንድ ነገር ግን እረፍት ይነሳኛል። የጉበት ስብ ካለባቸውና ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች ቀላል የማይባሉት ሲሮሲስ ላይ ሳይደርሱ ነው የሚያዙት። ስብ ያለበት ሰው እጅግ ብዙ፣ የእያንዳንዱ አደጋ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም በየ6 ወሩ ማየት አይመከርም። ቢያንስ የጠባሳውን ደረጃ ማወቅ ግን ይቻላል፤ ስሌቱ የሚፈልገው ዕድሜንና ተራ የደም ምርመራ ነው።

ካንሰሩ ሊመለስ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ከተቃጠለላቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይታያል። ለዚህ ነው በየ3 ወሩ ኤምአርአይ የምነሳው። ያቺ የጠየቀችኝ እህቴም ስኳር አለባት። ባለፈው ወር ውጤቷን ይዛ መጣችና አብረን አሰላነው፦ ዕድሜ 52፣ ኤኤስቲ 30፣ ኤኤልቲ 36፣ ፕላትሌት 240 ሺህ። 1.08። ወረቀቱን ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርገን እናየዋለን።