ቤቱ እሱ አይደለም
ዛሬ እንግሊዝ፣ ዮርክሸር ውስጥ፣ ከሃዎርዝ መንደር ተነስቼ ቶፕ ዊዘንስ ወደሚባለው ፍርስራሽ በእግሬ ወጣሁ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤሚሊ ብሮንቴ በ1847 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ዉዘሪንግ ሃይትስ» በተባለው ልቦለድ ውስጥ ያለው ቤት እሱ ነው ሲባል ሰምቼ። አቅጣጫ ጠቋሚዎቹ በጃፓንኛም ተጽፈዋል፤ ሰው ከየት ድረስ እንደሚመጣ አስቡት።

ንፋሱ ጃኬቴን ሊገፈኝ ምንም አልቀረው። ስደርስ ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ነው። እላዩ ላይ የብሮንቴ ማኅበር በ1964 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ጽሑፍ አለ፦ ቤቱ ሙሉ በነበረበት ጊዜ እንኳ ደራሲዋ ከገለጸችው ጋር አይመሳሰልም፤ ቦታውን ግን አስባው ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ የተቀመጠውም ጠያቂ ስለበዛ ነው ይላል! ሳቄ መጣ።

ለካ ሰው እውነቱ ተጽፎለትም መምጣቱን አይተውም። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። እኔም ዳበስኩት።