በፈረስ የተጎተተችው ቤተ ክርስቲያን

ባለፈው እሁድ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ከተማ፣ ስድስተኛው ጎዳናና ሎምባርድ መገናኛ ላይ ያለችውን የማዘር ቤቴል ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አየሁ። ምድር ቤቷ ውስጥ ጳጳስ ሪቻርድ አለን ከባለቤቱ ከሣራ ጋር ተቀብሯል። መቃብሩ አጠገብ እግሬ አልነሳ አለኝ።

አለን በ1760 እ.ኤ.አ. በባርነት ተወለደ። እንጨት እየፈለጠ፣ ጨው በጋሪ እያመላለሰ ነፃነቱን በ2,000 ዶላር ገዛ። አስቡት፣ የገዛ ራሱን!

ቅዱስ ጊዮርጊስ በሚባለው የሜቶዲስት (የፕሮቴስታንት ዘርፍ) ቤተ ክርስቲያን ከወዳጆቹ ጋር ተንበርክኮ ሲጸልይ፣ አስተናባሪዎቹ መጡ። ቦታው የነጮች ነው ብለው ወዳጁን አብሳሎም ጆንስን ከጉልበቱ ጎትተው ሊያስነሱት ያዙ። ጸሎቱ እስኪያልቅ እንኳ ታገሱን ቢላቸው አልሰሙም። ጸሎቱ ሲያበቃ ሁሉም አንድ ላይ ወጡ።

ከዚያ አለን ያደረገው ነገር ሆዴን ይበላኛል። አንድ አሮጌ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ገዛ። በራሱ ፈረሶች አስጎትቶ እዚሁ ቦታ ላይ ተከለው። በ1794 ተመርቆ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ያ መዶሻ ሲጮኽበት የኖረ የእንጨት ቤት!

በ1816 የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነ፤ በ1831 አረፈ። የዛሬው ሕንፃ አራተኛው ነው። መሬቱ ግን ያው እሱ የገዛው ነው።