ቆሼ አጠገብ ቤት ይገዛል?

ቤት ፍለጋ ላይ ነን። ኮንዶሚኒየም፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ ካርታው በሻጩ ስም የወጣ፣ የባንክ እዳ የሌለበት። በያዝነው ብር ጄሞ ላይ የሚገኘው ባለ አንድ መኝታ ነው፣ አያት ደግሞ ከስራችን ጋር ሰማይና ምድር፣ እንዲህ ግራ ገብቶን እያለ ደላላው "ወንድሜ ለናንተ የምትሆን ቤት አለችኝ" ብሎ ዘነበወርቅ አካባቢ ወሰደን። ዋጋው ጄሞ ካለው ተመሳሳይ ቤት ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ይቀንሳል። ለምን እንደሚቀንስ እሱም አልነገረንም እኛም አልጠየቅንም፣ አዲስ አበባ እየኖረ ቆሼን፣ የከተማውን ቆሻሻ መጣያ፣ የማያውቅ የለማ።

ቤቱ እውነት ለመናገር አሪፍ ነው። ሴራሚኩ ጥሩ ነው፣ ኪችን ካቢኔቱ አዲስ ነው፣ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ሮቶ አላቸው። ስንገባ ቡና ቀርቧል፣ እጣኑ ቤቱን ሞልቶታል፣ ሚስቴ "እንዴት ደግ ሰዎች ናቸው" ብላ ቁጭ አለች። እኔ ወደ ኪችን ዞር ስል የመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያውን ቡናማ የካርቶን ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ ያውም አንዴ አይደለም፣ የድሮው ሳይላጥ አዲሱ ከላዩ፣ በሱ ላይ ደግሞ ሌላ፣ የታችኛው ከማርጀቱ የተነሳ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ሆኗል። ምንድነው ስል ባለቤትየው "ለብርዱ ነው" አሉኝ። የሳሎኑ መስኮት ላይ ግን ምንም የለም፣ ብርዱ በኪችን ብቻ ነው እንዴ የሚገባው? የኪችኑ መስኮት የሚያየው ወደ ቆሼ ነው።

ደላላ መቼ ቤት እንደሚያሳይ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በበጋ፣ ፀሀይ ሞቅ ሲል። እኛ ማታና ጠዋት ራሳችን ሄድን። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሽታውም አብሮት ይተኛል፣ ቀን ፀሀይ ስትሞቅ ነው ወደ ላይ የሚበተነው። ክረምት ደግሞ ሌላ ነው፣ የኛ ከተማ ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትራፊ ምናምን ስለሆነ ዝናብ ሲጨመርበት ይበሰብሳል፣ ጥቁር ፍሳሽም ያወጣል። ብሎኩ ስር ሱቅ ያላቸው እናት ዳቦውን በድርብ ላስቲክ ሸፍነው ነው የሚያስቀምጡት፣ ቤት ልንገዛ ነው ስላቸው "ልጄ፣ ክረምት መጥተህ እይው፣ እኔ ምን እልሃለሁ፣ ዝንቡን ብቻ እይው" አሉኝ። ከዛ ደግሞ ጨመር አርገው "ይለመዳል ግን" አሉ።

ይቺን "ይለመዳል" የምትለዋን ከሁሉም ሰው ሰማናት፣ እንደ መልካም ዜና ነው የሚነግሩህ። እኔ ደግሞ በጣም የምፈራው እሱን ነው። አፍንጫ ሲለምድ አየሩ ፀዳ ማለት አይደለም፣ የቆሻሻው ጭስ ሲነሳም ሳንባ እንደ አፍንጫ አይለምድም፣ ልጃችን ደግሞ አስም ቢጤ አላት። ሚስቴ እዚህ ጋር አንድ ነገር አለችኝ፣ "እዚህ ሰው ልጅ ወልዶ እያሳደገ ነው፣ አንተ ማነህ" አለችኝ። ልክ ናት። እዛው አካባቢ፣ አለርት (የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ) አጠገብ ለስንት ዘመን የኖሩት ሰዎች የመምረጥ እድል አልነበራቸውም፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛውንም ቆሻሻውንም ከተማው የማይፈልገውን ሁሉ ወደዛ ነው ሲልክ የኖረው። ግን እኔ እድሉ ካለኝ ልመርጥ እንጂ፣ እነሱ ስላልመረጡ እኔም አልምረጥ አይባልም።

እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውላ ጮኸችብኝ፣ "ያ የተናደው አይደለም እንዴ?" አለች። አዎ ያ የተናደው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ማታ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ የሶስት ቀን ብሔራዊ ሀዘን ታውጆ ነበር። ከዛ በፊት በ2008 ቆሻሻው ሰንዳፋ ወደተሰራው አዲስ ቦታ ተወስዶ የአካባቢው ገበሬ አንፈልግም ብሎ ተቃወመ፣ መኪኖቹም ተመልሰው ቆሼ። ያ ቤት ከተናደው ተዳፋት ራቅ ስለሚል ለናዳው አልሰጋሁም፣ ለእህቴም ይሄንኑ ነገርኳት፣ እሷ ግን አልሰማችኝም፣ ስልኩን ዘጋችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደላላው ሽታው ላይ አልተከራከረኝም፣ ጎበዝ ነው። "ብሮ፣ ቆሼ ሊነሳ ነው፣ ሲነሳ የዚህ ቤት ዋጋ እጥፍ ይሆናል" ነው ያለኝ። ይሄ "ሊነሳ ነው" ስንት አመቱ ነው? ሰንዳፋ ሲከፈት ሊነሳ ነው ተባለ። ነሐሴ 2010 እዛው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ሲመረቅም በቀን 1,400 ቶን ያቃጥላል ተባለ፣ አለቀ በቃ ብለን ነበር። ማመንጫው ግን የተሰራው በየቀኑ ለሚመጣው ቆሻሻ ነው፣ ከሃምሳ አመት በላይ የተከመረውን ሊያጠፋ አይደለም። ደግሞ እሺ ነገ ተዘጋ እንበል፣ መኪና ቆመ፣ አፈር ለበሰ፣ ሳር በቀለበት፣ ከስር ያለው እኮ መበስበሱን አያቆምም፣ እንዲህ ያለ ቦታ ከተዘጋ በኋላ ለአስርት አመታት ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ "ሊነሳ ነው" የሚለው ወሬ ዋጋውን ከፍ ያደርገው ይሆናል፣ የልጄን መኝታ ቤት አየር ግን አይቀይረውም። ደላላው እነዚህን ሁለቱን አንድ አርጎ ነው የሚሸጥልህ። ለኢንቨስትመንት የሚገዛ፣ እራሱ ቦሌ የሚኖር ሰው ቢገዛው አልፈርድበትም፣ እሱ የሚገዛው ወሬውን ነው። እኛ የምንገዛው ግን ልንተኛበት ነው።

በመጨረሻ ሚስቴ ያመጣችው ሀሳብ አሸነፈ። እዛው ብሎክ ላይ ወይ ጎረቤት ብሎክ ላይ ተከራይተን ክረምቱን እንየው፣ ልጅቷ ካላሳላት፣ እኛም ከቻልነው እንገዛለን፣ ካልሆነ የጠፋው የኪራይ ብር ነው። አዲሱ የኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት አመት አይነስ ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያ ግን ከሁለት ወር በላይ መጠየቅ ስለማይቻል እንደ ድሮው ስድስት ወር ክፈል አንባልም (በወረቀት ደረጃ ማለቴ ነው እንግዲህ)። ሻጩ ክረምት ድረስ አልጠብቅም ብለዋል፣ ደላላውም "ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬ ቀብድ ሊያስይዝ ነው" ሲል ሳምንት ሞላው። ያስይዛ።

ዘነበወርቅ ወይ ረጲ በኩል የሚከራይ ባለ ሁለት መኝታ የምታውቁ ካላችሁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ከሰኔ ጀምሮ፣ ኪችኑ ወደ ቆሼ የሚያይ ቢሆንም ችግር የለም፣ እንደውም እሱን ነው የምፈልገው።